የአባቴን ቮልስ ላሳድሳት ወይስ ልሽጣት?

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጆች። አባታችን ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። 1300 ቮልስዋገናቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጉለሌ ባለው ግቢያችን የላስቲክ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሊብሬው ላይ የተሠራችበት ዘመን 1967 እ.ኤ.አ. ይላል። አንድ መካኒክ አምጥቼ ባሳየው ‹ሞተሯን አበጅተን ጥሩ ቀለም ብንቀባት አዲስ ትሆናለች› አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ሸጠን እንካፈል ይላል። ሜሪላንድ ያለችው እህታችን ደግሞ ‹ዕቃውን እኔ እልካለሁ፣ እንዳትሸጧት› ትላለች። እኔ ባስቀራት ደስ ይለኛል፤ አቅሜ ግን ደመወዜ ብቻ ነው። በእውነት ምን ያህል ታስወጣኛለች? ያወጣሁትስ ሲሸጥ ይመለሳል?» ሰ. ከጉለሌ

መልስ፦

ውድ ሰ.፣

የመካኒኩን ሐሳብ ለጊዜው ያቆዩት። ክፋት የለበትም፤ ግን ከመጨረሻው ነው የጀመረው። ቮልስ ላይ ገንዘብ የሚበላው ላሜራው ነው። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ እጁ የለመደ መካኒክ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። የበሰበሰ ወለል ግን ባትላሜራውን ለሳምንታት ይይዘዋል፤ የሚከፈለውም በቀን ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ታስወጣኛለች?» ላሉት መልሱ ያለው ከምንጣፉ ሥር ነው።

በብር የተሰላ ዝርዝር እዚህ አያገኙም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። በፍሬ፣ በሊትርና በሥራ ቀን እንነግርዎታለን፤ እርስዎ ሶማሌ ተራ ወርደው የዕለቱን ዋጋ ጠይቀው ያባዙት።

ቅዳሜ ጠዋት የኋላ መቀመጫውን ያንሡ። ከሥሩ በስተቀኝ ባትሪው አለ። የባትሪው አሲድና ሾልኮ የገባ የክረምት ውኃ ተጋግዘው ቀድመው የሚበሉት ይህን ቦታ ነው። ባትሪውን አውጥተው ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርገው ይውጉት። ጤነኛ ላሜራ ካቻቢቴውን አንጥሮ ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው እንደ ድርቆሽ ይፈረካከሳል። ቀጥለው የፊት ምንጣፎቹን ገልጠው የሾፌሩንና የጋቢናውን እግር ማሳረፊያ በዚሁ መንገድ ይፈትሹ። የፊት ኮፈኑን ከፍተው የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ ይዩ፤ ከዚያ መኪናዋ ሥር ገብተው የፊት አክስሉ የሚታሰርበትን የሻንሲውን ራስ ይውጉ። ይህ የመጨረሻው ቦታ ከበሰበሰ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ መሪውና የፊት ጎማዎቹ በሙሉ የተንጠለጠሉት በእሱ ላይ ነው።

ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፈውን ቦይ ግን ለብቻው ጊዜ ይስጡት። ክፍት ቱቦ ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፣ አካሏንም እንደ ወገብ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበሰብስ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ በሩን ዘግተው በበሩና በኋላው ምሰሶ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ባለው የክሪክ መያዣ መኪናዋን ቀስ ብለው ያንሡና ክፍተቱን እንደገና ይለኩ። ክፍተቱ ከተለወጠ፣ ወይም በሩ አልከፈት ካለ፣ ቦዩ አልቋል። መያዣው ራሱ ወደ ላይ ሰርጎ ከገባማ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። ክሪክ ላይ ባለች መኪና ሥር ግን እጅዎንም አያስገቡ። ማግኔትም በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በፓራፋንጎውና በበሩ ታችኛ ክፍል ላይ ያስኪዱ፤ ሳይዝ የቀረበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው።

ያገኙት ከሦስት አንዱ ይሆናል። ባትሪው ሥር ብቻ የመዳፍ ያህል ቀዳዳ ካለ፣ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ በ1 ሚሊሜትር ላሜራ ይበየዳል፤ የቀናት ሥራ ነው። አንዱ ወይም ሁለቱም ወለል ከሄደ፣ የግራና የቀኝ ወለል ለየብቻ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ስለሆነ ይቀየራል፤ የሳምንታት ሥራ ነው። ሁለቱም ቦዮችና የሻንሲው ራስ ከተበሉ ግን ወጪው ከማንኛውም የአዲስ አበባ ገዢ ኪስ በላይ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ የኛ ምክር ሳይነኳት፣ እንዳለች፣ የራሱ ጋራዥ ላለው ሰው እንዲሸጧት ነው።

ለባትላሜራው ሥራውን ሲሰጡ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስማሙ። አንደኛ፣ ቦይ ከመቆረጡ በፊት በሮቹ ተዘግተው በልካቸው እንዲገጥሙ ከተደረገ በኋላ የበሩ ቀዳዳ ከውስጥ በብረት ይደገፍ፤ ያለ ድጋፍ ከተቆረጠ አካሏ መሃል ላይ ይረግብና በሩ ዳግም አይገጥምም። አንድ ጎን አልቆ ሳይዘጋ ሌላው ጎን አይከፈት። ሁለተኛ፣ አካሉ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው በዙሪያው በተደረደሩ ብሎኖችና በመካከል በሚገባ ጎማ ነው፤ አንዳንድ ባለሙያ ብሎኖቹን ትቶ ሁለቱን አንድ ላይ ይበይዳቸዋል። ይህ ለጊዜው ያጠነክራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን መለያየት አይቻልም፤ የሚያውቅ ገዢም ሲያይ ዋጋ ይቆርጣል። ሦስተኛ፣ ዝገት ላይ ሬንጅ አይቀባ። ሬንጅ ከሥሩ ውኃ ይይዛል፤ ላዩ ጥቁር ሆኖ ሲያምር ውስጡ መበስበሱን ይቀጥላል።

መቀመጫው ተነሥቶ ሳለ ሌላም ሥራ አለ። በመሃል ባለው የሻንሲው ጉብታ ላይ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። ዘጠኝ አሃዝ ሆኖ በ117 የሚጀምር ከሆነ የ1967 ሞዴል ናት፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፣ የቮልስ የሞዴል ዓመትም የሚጀምረው በነሐሴ ወር ነው። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር በሞተሩ አካል ላይ ተጽፏል። የዚያ ዘመን 1300 ሞተር ቁጥሩ በላቲኑ «ኤፍ» ፊደል ይጀምራል፤ «ዲ» ካገኙ 1200፣ «ኤች» ካገኙ 1500 ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ፣ ስም በሚዛወርበት ቀን ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። አንዲት ብር ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይወቁ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ስድስት ዓመት የቆመ ሞተር ባትሪ አስሮ ቁልፍ ማዞር ትልቅ ጥፋት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ካለ ቀለበቶቹ ይሰበራሉ። አራቱን ካንዴላዎች አውጥተው በየቀዳዳው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ያፍስሱና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ከዚያ የታችኛውን ፑሌ፣ ማለትም ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ በ30 ቁልፍ በእጅ ያዙሩት። እየተፈተገም ቢሆን ከዞረ ተስፋ አለው። የማራገቢያውን ቤት አፍ ደግሞ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። አይጥ በቆመ ቮልስ ውስጥ ጎጆ የምትሠራው እዚያ ነው፤ ሣርና ጨርቅ የሲሊንደሮቹን የአየር መንገድ ከዘጋ ሞተሩ በመጀመሪያው ሽቅብ መንገድ ይቃጠላል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ስስ ላሜራዎችና የዳር ጎማው መሟላታቸውንም ያረጋግጡ። «ትርፍ ናቸው» ተብለው በየጋራዡ ተጥለዋል፤ ሥራቸው ግን ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ መከልከል ነው። ይህ ሞተር ውኃ የለውም። የሚያድነው አየር ብቻ ነው።

ሞተሩ ይበጅ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው አንድ የእጅ ፈተና አለ። ያንኑ የታችኛውን ፑሌ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ መልሰው ይግፉት። የሚፈቀደው የፊትና የኋላ ንቅናቄ እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ በዐይን አይለይም ማለት ይቻላል። ፑሌው ሲሄድና ሲመጣ በግልጽ ካዩት፣ «ቋ» የሚል ድምፅም ከሰሙ፣ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ መቀመጫ ተበልቷል፤ ሞተሩ ተከፍቶ ቶርኖ ቤት መሄዱ አይቀርም። ንቅናቄው ከሌለ ግን ሞተሩን ለማስበጀት አይቸኩሉ።

ዘይቱን ይቀይሩ፦ 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚወስደው። የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥሩ በስድስት ትናንሽ ዳዶ የተያዘ ክብ ክዳንና የሽቦ ወንፊት አለ። ሁለት ጋስኬትና ስድስት የመዳብ ሮንዴላ አዲስ ይገዙለት። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ጉልበት አይፈልጉም፤ ከመጠን በላይ ካጠበቋቸው ቡሎኖቹ ከሞተሩ አካል ተነቅለው ይወጣሉ። በወንፊቱ ላይ የመዳብ ወይም የብር ቀለም ያለው ብናኝ ካዩ ኩሽኔታ እየተፈጨ ነው። ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ከሆነ የዕድሜ ነው።

የሲሊንደሮቹን ግፊት ሲለኩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። የጥገና መጽሐፉ ለዚህ ሞተር ከ7 እስከ 9 ባር ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 8 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 6 ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበው የአራቱ ልዩነት ነው። ሦስቱ 6 ሆነው አንዱ 4 ከሆነ በሽታው እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሦስተኛው ሲሊንደር ሆኖ ይገኛል። በዚያ ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በእሱ የአየር መንገድ ላይ ስለሆነ ከሌሎቹ የሞቀ አየር ይደርሰዋል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ከሁሉ ቀድሞ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው።

የቫልቭ ክፍተቱን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር ያድርጉት፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩም ይደገም። «ድምፁ ይጥፋ» ብሎ የሚያጠብቅ መካኒክ ካጋጠመዎት ያስቁሙት። ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ ሙቀቱን ማስተላለፍ አይችልም፤ ይቃጠላል ወይም ራሱ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ትንሽ የቲክ ቲክ ድምፅ የጤና ምልክት ነው።

ካርቡሬተሩም የከፍታውን ነገር ይፈልጋል። በፋብሪካው ልክ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ፍጆታው ይጨምራል። ዋናውን ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን፣ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ማሳነስ ያስተካክለዋል። የቀድሞውን ግን መኪናዋ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ይመልሱት፣ አለበለዚያ ቆላ ላይ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩን ያግለዋል።

ሞተሩን እዚህ ላይ እናቁመው። ለመንቀሳቀስ ከምታወጡት የመጀመሪያ ገንዘብ ቀዳሚው የፍሬኑ ነው። ስድስት ዓመት የቆመ የፍሬን ዘይት ውኃ ስቧል፤ ሲሊንደሮቹን ውስጥ ለውስጥ አዝጓቸዋል። አራት የጎማ ሲሊንደር፣ አንድ ዋና ሲሊንደር፣ አራት ተጣጣፊ ቱቦ፣ አንድ ሊትር የፍሬን ዘይት፣ ሸራው ካለቀ ደግሞ ስምንት የፍሬን ሸራ ይግዙ። ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና ቢመስሉም አይመኗቸው። ውስጣቸው አብጦ ዘይቱን ያሳልፋል፣ መልሶ ግን አይለቅም፤ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀርና ጎማው ይግላል። የኋላ ጎማው ማዕከላዊ ዳዶ 36 ነው፤ ሲታሰር ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቧንቧ ጫፍ ላይ የ30 ኪሎ ክብደት እንደማለት ነው። በመሮና በመዶሻ የታሰረ ከሆነ የሚገባውን ያህል አይጠብቅም፤ ታምቡሩ በጥርሶቹ ላይ እየተንቀሳቀሰ ይበላቸውና ሁለቱም ይቀየራሉ።

ቀጥሎ ቤንዚኑ። 40 ሊትር የሚይዘው ታንክ ወርዶ ይታጠብ፤ አሮጌው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል። የጎማ ቱቦውን ሁሉ፣ አንድ ሜትር ገደማ፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር የሆነውን፣ ከነማሰሪያው በአዲስ ይተኩ። ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን ትንሽ የነሐስ ቱቦ በጣትዎ ነቅነቅ ያድርጉ፤ ከላላች ትወልቃለች፣ ቤንዚኑም በጋለ ሞተርና በዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይፈሳል። ቮልስ ከኋላዋ ተቃጠለች ሲባል የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ያስቸግራል። ሁለተኛው የእሳት ምንጭ ባትሪው ነው፦ የመቀመጫው ምንጣፍ ሲያልቅ የብረት ስፕሪንጎቹ ሰው ሲቀመጥ የባትሪውን ጫፍ ይነካሉ። የጎማ ክዳን ያድርጉለት። አንድ የእሳት ማጥፊያም ከኋላ ሳይሆን ከሾፌሩ እጅ አጠገብ ያስቀምጡ።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆንም ጎናቸው ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። ከአሥር ዓመት ካለፉ ይቀየሩ፤ ልካቸው 155 ወይም 165 በ15 ነው። ጎሚስታው አራቱንም እኩል 30 እንዳይሞላልዎት። ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ ከፊት 18፣ ከኋላ 26 ገደማ ነው የሚስማማት፤ ፊቷ ከበዛ መሪው ይቀላል፣ በእርጥብ አስፋልትም መያዣ ታጣለች።

ስለ እህትዎ። ሐሳቧ መልካም ነው፤ ግን አሜሪካ ውስጥ «የ1967 ቮልስ ዕቃ» ብላ ከጠየቀች የተሳሳተ ሳጥን ይደርስዎታል። በዚያ ዓመት ለአሜሪካ ገበያ የተሠራችው 1500 ሞተር፣ 12 ቮልትና ባለሁለት መስመር ፍሬን ነበራት። ለሌላው ዓለም የተሸጠችው 1300 ግን ባለ6 ቮልትና ባለአንድ መስመር ፍሬን ነች። ዋና ሲሊንደሩ፣ ዲናሞው፣ ማስነሻ ሞተሩ፣ ኮይሉ፣ አምፖሎቹ ሁሉ ይለያያሉ፤ የፍላይዊሉ ጥርስ እንኳ በ6 ቮልቷ 109፣ በ12 ቮልቷ 130 ነው። መጀመሪያ የባትሪዋን ቮልት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን፣ የዋና ሲሊንደሩንም ፎቶ ይላኩላት። ቀላልና ጥራት የሚሻውን ታምጣ፦ የፍሬን ጎማዎች፣ የካርቡሬተር ጋስኬት፣ የዲስትሪቢዩተር ፖይንትና ኮንደንሰር፣ የሞተር ሲሎች። ከባዱን፣ ወለሉንና ፒስተኑን፣ እዚህ ይፈልጉ። ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ግን አይጣሉ። የዚያ ዘመን የጀርመን ዲስትሪቢዩተር ታጥቦና ታድሶ ርካሹን አዲስ ያስከነዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናዋ ስትሄድ የዓመት ወጪዋ ይመጣል፤ ደመወዝተኛ ሊያስብበት የሚገባው ይህኛው ነው። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ቢነዱ፣ በከተማ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ስለምትወስድ 500 ሊትር ቤንዚን ያስፈልግዎታል። ሁለት ጊዜ የዘይት ለውጥ፣ ማለትም 5 ሊትር ከነጋስኬቱ። አራት ካንዴላ፣ አንድ ፖይንት፣ የቫልቭ ክዳን ሁለት ጋስኬት፣ ለፊት አክስሉ ግራሶ። አንድ ትርፍ ቺንጋ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑር፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ። ቀዩ የዲናሞ መብራት እየነዱ ከበራ «ቤት ልድረስ» አይበሉ፤ እዚያው አጥፍተው ይውረዱ። በዚህ ላይ ቦሎ፣ ዓመታዊ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ ለስድስቱ ዓመታት ውዝፍ እንዳለባትም አስቀድመው ይጠይቁ። ሙሉ መድን ካስገቡ የመኪናዋን ግምት ከመድን ሰጪው ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ አለበለዚያ ጉዳት ሲደርስ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ትገመታለች። ሁሉን ደምረው በ12 ያካፍሉ፣ ያንኑ ያህልም ላልታሰበ ነገር ይጨምሩበት። ይህን በየወሩ ማስቀመጥ ካልቻሉ ለማሳደሻ የሚሆን ገንዘብ ቢኖርዎትም መኪናዋ ተመልሳ ትቆማለች፤ ታድሳ የቆመች ቮልስ ደግሞ ሳትታደስ ከቆመችው እኩል ትበሰብሳለች።

ዋጋዋን በተመለከተ በግልጽ እንናገር፦ ያወጡት ገንዘብ ሲሸጥ ተመልሶ አይመጣም። ፋብሪካው ሜክሲኮ ውስጥ በሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋን እስኪያወጣ ድረስ 21,529,464 ቮልስ ተሠርቷል፤ በዓለም ብርቅ አይደለችም። ጀርመን አገር የሚያዩት ዋጋም የእርስዎ አይደለም። እዚያ 30 ዓመት የሞላት መኪና ልዩ ታርጋ ወስዳ በዓመት ቁርጥ 191.73 ዩሮ ግብር ትከፍላለች፣ ገማች አላት፣ የለመደ ገበያ አላት። እዚህ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ያሉት ቮልሶች ያሉት ናቸው፤ ይህ ግን የተበላሸችውን አያስወድድም። የአዲስ አበባ ገዢ የሚከፍለው ለንጹሕ ሊብሬ፣ ለጤነኛ ወለልና ተነሥታ ለምትሄድ መኪና ነው። አዲስ ቀለም ሲያይ እንዲያውም ይጠራጠራል፤ ከሥሩ ያለውን ማየት አይችልምና። የአባትዎ ጊዜ ቀለም ቢደበዝዝም ይተዉት። ለሠርግ አከራይቼ እመልሳለሁ የሚለውንም በሂሳብ ውስጥ አያስገቡት፤ በሰልፍ እየተንቀራፈፉ መዋል ለፍሪሲዮኑም በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተርም ከባድ ነው።

ሌላው ዋጋዋ በብር የሚለካ አይደለም፤ ቢሆንም እውነተኛ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነበር፤ በዚህች ከተማ መምህሩም፣ ነርሷም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የመጀመሪያ መኪናቸው ቮልስ ነበረች። የአባትዎ መቀመጫ፣ መሪው ላይ የለሰለሰው የእጃቸው ቦታ፣ ሌላ ቮልስ ላይ አይገኝም። ለዚህ ሲሉ ማስቀረት ጤነኛ ምክንያት ነው፤ ብቻ ወንድምዎን «ትርፍ አላት» ብለው አያሳምኑት።

ለወንድምዎ የሚሆነው መንገድ ይህ ነው፦ ምንም ሳትነካ፣ ዛሬ እንዳለች፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይገምቷት። የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት ያውጡ፤ ከዚያ የእሱንና የእህትዎን ድርሻ በዚያ ግምት ይግዙ፣ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ያጽድቁ፣ ስሙን ያዛውሩ። ቅደም ተከተሉን አያፋልሱት። ድርሻው ሳይለይ ወለሏን አስቀይረው ፍሬኗን ካሠሩ በኋላ ስለ ዋጋ መነጋገር ከጀመራችሁ፣ የሚካፈለው የእርስዎ ወጪ ይሆናል፤ ወንድማማቾችን የሚያቃቅረውም ይኸው ነው። የድርሻው ገንዘብ ባንድ ጊዜ ካልሞላ በክፍያ ይስማሙ፣ መኪናዋ ግን እስከዚያ አትነካ።

የላስቲክ ሸራውን ግን ዛሬውኑ ያንሡላት። ላስቲክ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ከዝናቡ የከፋ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ካልሆነም አየር የሚያስወጣ የጨርቅ ሸራ ይሁንላት፤ ከጎማዎቹ ሥር ጣውላ ያስገቡ። ከተነሣችም በኋላ ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት አይጠቅማትም፤ ያልሞቀ ሞተር ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል። በየሁለት ሳምንቱ ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር ይንዷት፤ ከጉለሌ ሱሉልታ ደርሶ መመለስ ይበቃታል።

የባትሪውን ወለል፣ የሁለቱን ቦዮችና የሻንሲውን ራስ ፎቶ አንሥተው ይላኩልን፤ የፑሌውንም ንቅናቄ ይንገሩን። እነዚህን ካየን ከሦስቱ የትኛው ላይ እንዳሉ ለይተን እንጽፍልዎታለን።